ፓርቲ ያልሰጠውን አይንጠቅ

አንዳንዶቻችሁ ከሌሊት ፈረቃ ወጥታችሁ፣ አንዳንዶቻችሁም ከአልዓይን ድረስ መንገድ ቆርጣችሁ ሙሳፋህ ስለተገኛችሁ አመሰግናለሁ። የዛሬው ጥያቄያችን አጭር ነው። የፖለቲካ ፓርቲ ወገኑን የከዳ አባሉን ይቅጣ ወይስ ይተወው? ከቀጣስ ቅጣቱ የት ላይ ይቁም?

ባለንበት አገር፣ በኤምሬትስ፣ የፖለቲካ ፓርቲ የለም። እኛም ልናቋቁም አልመጣንም፤ የአስተናጋጃችንን ሕግ አክብረን ሠርተን የምናድር ሰዎች ነን። የማወራችሁ ስለ አገር ቤት ታሪክና ሕግ ነው። ይሁን እንጂ ጉዳዩ እዚህም ድረስ ተከትሎን መጥቷል። የ2013ቱ የትግራይ ጦርነት ሲጀመር በአንድ ክፍል ውስጥ ላይና ታች አልጋ የሚተኙ ሰዎች ሰላምታ አቋርጠዋል፤ አንድ ጽዋ ሲጠጡ የኖሩ እኅቶች መጠያየቅ ትተዋል። አብዛኞቹ የማንም ፓርቲ አባል አልነበሩም። «የእኛ ነበርክ፣ ከዳኸን» የሚለው ክስ ግን የአባልነት ካርድ አይጠይቅም። ፓርቲዎቻችን የገዛ ሰዎቻቸውን የቀጡበት መንገድ፣ እኛ እርስ በርስ የምንቀጣጣበትን መንገድ አስተምሮናል ብዬ አምናለሁ። ለዚህ ነው ነገሩን ከሥሩ ማየት የፈለግሁት።

አቋሜን ከወዲሁ ላስቀምጥ። ፓርቲ የከዳውን አባል መቅጣት ይችላል፤ አንዳንድ ጊዜ ግዴታውም ነው። መውሰድ የሚችለው ግን ራሱ የሰጠውን ብቻ ነው። ስሙን ሰጥቶት ነበር፣ ስሙን ይውሰድ። የአባልነት ካርድና የኮሚቴ ወንበር ሰጥቶት ነበር፣ እነሱንም ይውሰድ። ነፃነቱን፣ እንጀራውን፣ ሕይወቱን አልሰጠውም። የመራጩንም ድምፅ የሰጠው ፓርቲው አይደለም።

እድርን አስቡት። ቀብር ያልወጣ ይቀጣል፤ መዋጮ ያቋረጠ ይጠየቃል፤ ተመክሮ እምቢ ያለ ከመዝገብ ይሰረዛል። የተሰረዘው ሰው ድንኳኑን፣ ወንበሩንና ለቀስተኛውን ያጣል። ይህ ቀላል ቅጣት አይደለም፤ በአገራችን እድር የለሽ መባልን የማይፈራ የለም። ሆኖም የእድሩ ዳኛ የተሰረዘውን ሰው ቤት አያሽግም፣ ከሥራው አያስባርረውም፣ ለፖሊስ ደብዳቤ አይጽፍበትም። እንዲህ ያለውን ልክ ማንም ያልተማረ ሽማግሌ ያውቀዋል። የተማሩት ፓርቲዎቻችን ናቸው ልኩን ያጡት።

ጭራሽ ቅጣት አይኑር የሚሉ ወዳጆች አሉኝ። «የሰው ኅሊና የግሉ ነው፣ ፓርቲ ምን አገባው?» ይላሉ። በዚህ አልስማማም። በ1997ቱ ምርጫ ገበሬው ወረቀቱን ሲቀበል የሚያውቀው የኢሕአዴግን ንብ ወይም የቅንጅትን ሁለት ጣቶች ነው እንጂ የእያንዳንዱን ዕጩ የሕይወት ታሪክ አይደለም። ምልክቱ ቃል ነው። በዚያ ምልክት ተመርጦ፣ የምልክቱን ቃል አፍርሶ፣ ምልክቱን ግን እንደያዘ ልቀጥል የሚል ሰው ያታለለው መራጩን ነው። ፓርቲ «ይህ ሰው ከእንግዲህ በእኛ ስም አይናገርም» ማለት ካልቻለ ስሙ ምንም አይነግረንም። የፓርቲውን ምሥጢር በገንዘብ የሸጠ፣ ከውስጥ ሆኖ ለተፎካካሪ የሠራ፣ በስብሰባ «እስማማለሁ» ብሎ ድምፅ ሰጥቶ ማታ ለሌላው ወገን ሪፖርት የጻፈ ሰው ካለ ይባረር። ቀን ሳይቆጠር ይባረር።

ነገር ግን እነዚህ ሁሉ የሚጋሩት አንድ ነገር አለ፤ ሁሉም ተደብቀው የተሠሩ ናቸው። በስብሰባ ላይ ተነሥቶ «በዚህ አልስማማም፣ ምክንያቴም ይኸውና» ያለ ሰው ግን ማንን ከዳ? ፊት ለፊት ቆሞ የተቃወመህ ሰው ሊያሳስትህ አልሞከረም። ፓርቲዎቻችን ከባዱን ቅጣት ሁሉ የጫኑት ደግሞ በዚህኛው ዓይነት ሰው ላይ ነው። በድብቅ የከዳው ብዙውን ጊዜ አይታወቅም፤ በግልጽ የተናገረው ግን ስሙም ፊቱም ይታወቃል፣ ለመያዝም ይቀላል።

ከከፋው ታሪክ ልጀምር። ኢሕአፓ በ1964 ዓ.ም. በበርሊን ሲመሠረት የመጀመሪያው ዋና ጸሐፊ ብርሃነ መስቀል ረዳ ነበር፤ በ1961 ከጓደኞቹ ጋር ከባሕር ዳር አውሮፕላን ጠልፎ ካርቱም የገባው የተማሪዎች መሪ። ጌታቸው ማሩ ደግሞ አብዮት የሚባለውን ቡድን ይዞ ኢሕአፓን ከተቀላቀሉት ወጣት መሪዎች አንዱ ነበር። በ1969 ፓርቲው በከተማ የትጥቅ ትግል ሲገፋ ሁለቱ ተቃወሙ። በከተማ መግደል ከተጀመረ የሚከፍለው ወጣቱ ነው የሚል ስጋት ነበራቸው። ከማዕከላዊ ኮሚቴ ወረዱ፤ «አንጃ» የሚል ስም ወጣላቸው። ይህ ስም ከተለጠፈ በኋላ ክርክር የለም። ጌታቸው ማሩ በጓዶቹ እጅ ተይዞ በጓዶቹ እጅ ተገደለ። ብርሃነ መስቀል ወደ መርሐቤቴ ሸሽቶ ለጊዜው ተረፈ፤ በመጨረሻ ደርግ ይዞ ገደለው። አንዱን ፓርቲው፣ ሌላውን የፓርቲው ጠላት ጨረሳቸው።

በዚህ ታሪክ ላይ ቆም ማለት እፈልጋለሁ። የዚያ ትውልድ ልጆች ለአገራቸው ነፍሳቸውን የሰጡ ናቸው፤ ማንም ይህን አይነጥቃቸውም። እነ ጌታቸው ያነሡት ጥያቄ ግን መልስ ሳያገኝ ተቀበረ። ትክክል ነበሩ አልልም፤ ያንን አሁን ማንም ሊያረጋግጥ አይችልም። የምለው፣ አባሉን በመግደል ጥያቄውን የገደለ ፓርቲ ራሱን የሚያርምበትን መንገድ በገዛ እጁ ዘጋ ነው። ቀይ ሽብር ሲመጣ በየቤቱ የሞተው ወጣት ይህን ክርክር የመስማት ዕድል እንኳ አላገኘም።

ደርግም ከዚህ አልተሻለም። ሊቀ መንበሩ ብርጋዴር ጄኔራል ተፈሪ በንቲ ጥር 26 ቀን 1969 ከባልደረቦቻቸው ጋር ተገደሉ፤ ሁለተኛው ሰው ኮሎኔል አጥናፉ አባተ በኅዳር 1970 ተከተሉ። ሁለቱም «አብዮቱን ከዱ» ተባሉ።

ሕወሓት በ1977 ከመሥራቾቹ መካከል አረጋዊ በርሄንና ግደይ ዘርዓጽዮንን ሲያባርር ሁለቱም በሕይወት ወጥተው በስደት ኖሩ። አቶ አረጋዊ በኔዘርላንድስ ተምረው የድርጅቱን ታሪክ ጻፉ፤ ከብዙ ዓመታት በኋላም አገራቸው ገቡ። ስደት ቀላል ቅጣት አይደለም፤ ይህን ለእናንተ መንገር አያስፈልገኝም። ከመግደል ወደ ማባረር መሸጋገር ግን አንድ እርምጃ ነበር፤ ታሪክን በፍትሕ የሚያይ ሰው ይህን ሊያልፈው አይገባም።

በሰፊው ልነግራችሁ የምፈልገው ግን የ1993ቱን ነው፤ ምክንያቱም ቅጣቱ ከፓርቲው በር ወጥቶ መንግሥት ቤት የገባበትን ደረጃ አንድ በአንድ ማየት ይቻላል። ከኤርትራ ጋር የተደረገው ጦርነት አብቅቶ በታኅሣሥ 1993 የአልጀርስ ስምምነት ተፈረመ። ወዲያው የሕወሓት ማዕከላዊ ኮሚቴ መቀሌ ላይ ለሳምንታት ተሰበሰበ። ሊቀ መንበሩ አቶ መለስ ዜናዊ ስለ «ቦናፓርቲዝም» አደጋ ጽሑፍ አቀረቡ፤ ሌሎቹ ጦርነቱና ሰላሙ የተመሩበት መንገድ ይገምገም አሉ። በመጨረሻ 12 የማዕከላዊ ኮሚቴ አባላት ስብሰባውን ረግጠው ወጡ። ምክትል ሊቀ መንበሩ ተወልደ ወልደ ማርያም፣ የቀድሞው የመከላከያ ሚኒስትር ስዬ አብርሃ፣ የትግራይ ክልል ፕሬዚዳንት ገብሩ አሥራት፣ አረጋሽ አዳነ ከመካከላቸው ነበሩ። የቀሩት አባላት አገዷቸው።

እስከዚህ ድረስ በእኔ መለኪያ ፓርቲው በራሱ ቤት ነው። ስብሰባ ረግጦ የወጣን ሰው ፓርቲ ማገድ ይችላል። ቅር የሚለኝ የፈረዱት ተከራካሪዎቹ ራሳቸው መሆናቸው ነው፤ እሱን ቆይቼ አነሣዋለሁ።

ቀጥሎ የሆነውን ተመልከቱ። ከወራት በኋላ አቶ ስዬ በሙስና ተጠርጥረው ታሰሩ። ሙስና ከነበረ ከክፍፍሉም በፊት ሙስና ነበር፤ ያን ጊዜ ግን የጠየቀ አልነበረም። ጉዳዩ ወጣት ዳኛ ወ/ሪት ብርቱካን ሚደቅሳ ችሎት ቀረበ። ዳኛዋ ሕጉን አይተው በዋስ ይለቀቁ አሉ። አቶ ስዬ ከፍርድ ቤቱ እንደወጡ ፖሊስ መልሶ ያዛቸው። ፓርላማውም በጥድፊያ በሙስና የተጠረጠረ ሰው ዋስትና እንዳያገኝ የሚከለክል ሕግ አወጣ። አቶ ስዬ ከእስር የወጡት በ1999 ነው።

ወገኖቼ፣ በፓርቲ ውስጥ በተነሣ ጠብ ምክንያት የመላው ኢትዮጵያዊ የዋስትና መብት ተቀነሰ። ከዚያ በኋላ ሙስና የተባለበት የቀበሌ ጸሐፊም፣ የመጋዘን ጠባቂም፣ ከፓርቲ ጋር ምንም ያላገናኘው የገንዘብ ያዥም በዚያ ሕግ ዋስትና ተከልክሏል። ለመሪዎች ጠብ የተዘረጋው መረብ ትንንሹን ሰው ያዘ። እንግዲህ ቅጣት ከፓርቲው በር ሲወጣ የሚጎዳው ተቀጪው ብቻ አይደለም የምለው ለዚህ ነው።

በዚያው ዓመት ክረምት መግቢያ ዶ/ር ነጋሶ ጊዳዳ የኢሕአዴግን ምክር ቤት ስብሰባ ትተው ወጡ፤ ኦሕዴድም አባረራቸው። እርሳቸው በዚያን ጊዜ የአገሪቱ ፕሬዚዳንት ነበሩ። የፕሬዚዳንትነቱን ወንበር የሰጣቸው ፓርላማው እንጂ ፓርቲው ስላልሆነ የሥራ ዘመናቸው እስኪያበቃ ቆዩ። እዚህ ላይ ሕጉ ሠርቷል፤ ሊመሰገን ይገባዋል። ሆኖም ሊወርዱ ሲሉ አዲስ አዋጅ ወጣ፤ የቀድሞ ፕሬዚዳንት በፓርቲ ፖለቲካ ከተሳተፈ ቤቱን፣ ተሽከርካሪውን፣ ሕክምናውን ያጣል የሚል። በ1997 ዶ/ር ነጋሶ በደምቢዶሎ በግል ተወዳድረው አሸነፉ። ጥቅማ ጥቅሙ ተነሣባቸው፤ ፍርድ ቤት ድረስ ቢሄዱም አልሆነላቸውም። አገር ለመራ ሽማግሌ የሚገባ ጡረታ የፓርቲ ስጦታ አይደለም፤ የሕዝብ ገንዘብ ነው። የተወሰደባቸውም ሕዝቡ ድምፁን ስለሰጣቸው ነው።

ታሪኩ በዚህ አላበቃም። ዋስትና የሰጡት ዳኛ በ1997 የቅንጅት ምክትል ሊቀ መንበር ሆኑ፤ ታሰሩ፤ በ1999 በይቅርታ ወጡ፤ አንድነት ፓርቲን መሥርተው መሩ፤ በታኅሣሥ 2001 እንደገና ታሰሩ። እርሳቸው እስር ቤት እያሉ አቶ ስዬና ዶ/ር ነጋሶ አንድነትን ተቀላቀሉ። በ1993 በተለያየ ወገን ተሰልፈው የነበሩ ሰዎች፣ ተከሳሹና ዳኛዋ፣ አንድ ፓርቲ ውስጥ ተገናኙ። ወ/ሪት ብርቱካን በ2011 የምርጫ ቦርድ ሰብሳቢ ሆኑ። በ2013 የሕወሓትን ሕጋዊ ሰውነት የሰረዘው እርሳቸው የሚመሩት ቦርድ ነበር። ትናንት «ከሃዲ» ብሎ የሚቀጣ ሰው ነገ ማን ፊት እንደሚቆም አያውቅም።

ገዢዎቹን ብቻ ብናገር አድልዎ ይሆንብኛል። ተቃዋሚዎች እስር ቤት አልነበራቸውም፤ ስም ማጥፋት ግን ነበራቸው። ቅንጅት በ1997 የአራት ፓርቲዎች ጥምረት ነበር። ከምርጫው በኋላ አራቱ ወደ አንድ ፓርቲ ሲዋሐዱ ኢዴፓ-መድኅን ቀረ፤ አቶ ልደቱ አያሌውም ፓርላማ ገቡ። የቅንጅት አመራር ፓርላማ አንገባም ብሎ ወስኖ ነበር። ስለዚህ «እነዚህ ሰዎች ከእኛ አይደሉም» ማለት የቅንጅት መብት ነበር። የሆነው ግን ሌላ ነው። አቶ ልደቱ ማስረጃ ሳይቀርብባቸው የተገዙ ሰው ተባሉ። ባሕር ማዶ ያለው ኢትዮጵያዊ በዚህ ግንባር ቀደም ነበር፤ ይህ ታሪካችን ስለሆነ ልንጋፈጠው ይገባል። ፓርላማ መግባት ይሻል ነበር ወይስ መቅረት የሚለው ከባድ ጥያቄ ነው፤ በቅን ልብ በሁለቱም ወገን መቆም ይቻላል። ወንበሩን የሰጠውን መራጭ ሕዝብ ግን «ይግቡ ወይስ ይቅሩ?» ብሎ የጠየቀው አልነበረም። መራጩ ሳይጠየቅ ተመራጩ ከሃዲ ተባለ።

አንድነት ፓርቲም በተራው «መርህ ይከበር» ያሉ አባላቱን አባረረ፤ ከወጡት መካከል አንዳንዶቹ ሰማያዊ ፓርቲን መሠረቱ። ይህኛው ቢያሳዝንም ጤናማ ነው፤ የተባረረው ሌላ ቤት ሠራ፣ ማንም ቤቱን አላቃጠለበትም።

አሁን ወደ ጎረቤቶቻችን ልምጣ። በሙሳፋህ ጋራዦችና መጋዘኖች አብረዋችሁ የሚሠሩት ሕንዶች፣ ፓኪስታናውያንና ባንግላዴሻውያን ናቸው። ሦስቱም አገሮች ይህን ጥያቄ በሕገ መንግሥት መልሰውታል፤ መልሳቸውም ከእኔ ይለያል። በሕንድ እ.ኤ.አ. በ1967 የሃርያና ግዛት ምክር ቤት አባል ጋያ ላል በጥቂት ቀናት ውስጥ ሦስት ጊዜ ፓርቲ ቀያየሩ። እንዲህ ያለው ንግድ ስለበዛ እ.ኤ.አ. በ1985 ፓርቲውን የተወ ወይም ከፓርቲው ትእዛዝ ውጪ ድምፅ የሰጠ ተመራጭ ወንበሩን ያጣል የሚል ማሻሻያ ወጣ። ዓላማው መልካም ነበር፤ የሚሸጥ ድምፅን ማስቆም። ውጤቱን ግን ተመልከቱ። ለብቻው የሚቃወም ሰው ወንበሩን ያጣል፤ በጅምላ የሚከዱት ይተርፋሉ። እ.ኤ.አ. በ2022 በማሃራሽትራ የሺቭ ሴና አብዛኛው ተመራጭ ኤክናት ሺንዴን ተከትሎ መሪውን ጣለ፤ ሺንዴም የግዛቱ መሪ ሆኑ። ሕጉ ብቸኛውን ባለ ኅሊና ይዞ ብዙኃኑን ለቀቀ።

የባንግላዴሽ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 70 የበለጠ ይጠብቃል፤ ከፓርቲው በተቃራኒ ድምፅ የሰጠ የፓርላማ አባል ወንበሩ ባዶ ይሆናል። በፓኪስታን በአንቀጽ 63ሀ ላይ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ እ.ኤ.አ. በ2022 የከዳው ሰው ድምፅ ጭራሽ አይቆጠር አለ፤ በ2024 ደግሞ ራሱ ሻረው። ሰው እጁን አውጥቶ ድምፅ ሰጥቶ፣ ድምፁ እንዳልነበረ ይቆጠር ማለት ምን ያህል እንደሚከብድ ዳኞቹ ራሳቸው አዩት። ከእነዚህ አገሮች ወንድሞች ጋር ስትቀመጡ ጠይቋቸው፤ ከእኔ በተሻለ ይነግሯችኋል።

የእንግሊዞች ልምድ ከዚህ ይለያል። እ.ኤ.አ. በመስከረም 2019 ቦሪስ ጆንሰን በብሬግዚት ጉዳይ ከተቃዋሚዎች ጋር ድምፅ የሰጡ 21 የፓርቲያቸውን የፓርላማ አባላት አባረሩ፤ የቀድሞ የገንዘብ ሚኒስትሮችና የቸርችል የልጅ ልጅም ነበሩባቸው። ጨካኝ እርምጃ ነበር። የተባረሩት ግን በማግስቱ ያው ወንበራቸው ላይ ተቀመጡ፤ ምርጫ እስኪደርስ ማንም አላነሣቸውም። ከ21ዱ 10ሩን ፓርቲው ከሳምንታት በኋላ መልሶ ተቀበላቸው። ቸርችል ራሳቸው በወጣትነታቸው ፓርቲ ቀይረው፣ ከ20 ዓመት በኋላ ተመልሰው የገቡ ሰው ናቸው። ፓርቲ የሰጠውን ወሰደ፣ ያልሰጠውን ተወ፤ ስለዚህ መመለስም ተቻለ። የገደሉትን ወይም ያሰሩትን ሰው መመለስ እንዲህ አይቀልም።

የእኛ ሕገ መንግሥት ምን ይላል? አንቀጽ 54 የምክር ቤት አባላት የመላው ሕዝብ ተወካዮች ናቸው ይላል፤ ተገዢነታቸውም ለሕገ መንግሥቱ፣ ለሕዝቡና ለኅሊናቸው ነው። ፓርቲ የሚል ቃል በዚያ ዝርዝር ውስጥ የለም። አንድ አባል በምክር ቤቱ ውስጥ በሰጠው ድምፅ ወይም አስተያየት አይከሰስም፣ አስተዳደራዊ እርምጃም አይወሰድበትም። መራጩ ሕዝብ አመኔታ ካጣበት ግን በሕግ መሠረት ከምክር ቤት አባልነት ሊያወርደው ይችላል። ይህ አንቀጽ ከሕንዱም ከባንግላዴሹም ይበልጣል ብዬ ሳላፍር ሳልፈራ እናገራለሁ። የጎደለን የተጻፈውን የሚኖር ፓርቲ ነው። በ2007ቱ ምርጫ ኢሕአዴግና አጋሮቹ 547ቱንም ወንበሮች ያዙ፤ በዴሞክራሲያዊ ማዕከላዊነትና በግምገማ የታሰረ አባል የት ኅሊና ይኖረዋል?

ኅሊና ግን አልሞተም ነበር። በየካቲት 2010 የአስቸኳይ ጊዜ አዋጁ ለፓርላማ ሲቀርብ 88 አባላት ተቃወሙት፣ 7 ድምፅ ከመስጠት ታቀቡ። በዚያ ምክር ቤት ተቃዋሚ ፓርቲ የሚባል አልነበረም፤ 88ቱ ሁሉ ከገዢው ግንባርና ከአጋሮቹ ነበሩ። የድምፁ ቆጠራ ራሱ ውዝግብ አስነሣ፤ መጀመሪያ 346 ደገፉ ተባለ፣ ቆይቶ 395 ነው ተብሎ ታረመ። እነዚያ 88 ሰዎች በፓርቲ ዲሲፕሊን ዓይን ከሃዲዎች ናቸው። የመረጣቸው ሕዝብ ግን በየመንደሩ አዋጁን ይፈራ ነበር። ማንን ከዱ፣ ለማንስ ታመኑ? ለእኔ በዚያ ቀን ፓርላማው ከረጅም ጊዜ በኋላ ፓርላማ መሰለ።

ከዚያ ወዲህ ምን ተማርን? አቶ ለማ መገርሳ በኅዳር 2012 የኢሕአዴግን መዋሐድ እንደማይደግፉ በአደባባይ ተናገሩ። በነሐሴ 2012 ከውሕደቱ የተወለደው ብልጽግና ከማዕከላዊ ኮሚቴ አገዳቸው፤ የመከላከያ ሚኒስትርነታቸውም ተነሣ። በውሳኔው ማዘን ይቻላል፤ ነገር ግን ስልጣንና የኮሚቴ ወንበር የሰጠው አካል የሰጠውን ወሰደ፣ እርሳቸውም ቤታቸው ገቡ። ይህ ከ1969ም ከ1993ም ይሻላል፤ የሚሻለውን ይሻላል ማለት ይገባል። በታኅሣሥ 2016 ግን የሰላም ሚኒስትር ዴኤታው አቶ ታዬ ደንደአ መንግሥታቸውን በይፋ ነቅፈው ከስልጣን በተነሡ በማግስቱ ታሰሩ። ስልጣኑን ማንሳት የጠቅላይ ሚኒስትሩ መብት ነው፤ በዚህ አልከራከርም። ሽረትና እስር በአንድ ቀን ልዩነት ሲከታተሉ ግን የሚያይ ሰው ሁለቱን ለይቶ ማሰብ አይችልም። ክሱ እውነት ቢሆን እንኳ ቅጣቱ የንግግሩ ዋጋ ሆኖ ይታያል፤ ሌላውም አባል አፉን መዝጋት ይማራል።

ሕወሓትም ያንኑ ደገመ። በነሐሴ 2016 የሊቀ መንበሩ የደብረጽዮን ገብረሚካኤል ወገን 14ኛውን ጉባኤ ጠራ፤ የትግራይን ጊዜያዊ አስተዳደር ይመሩ የነበሩት የጌታቸው ረዳ ወገን አልገኝም አለ፤ ምርጫ ቦርድም ለጉባኤው ዕውቅና አልሰጠም። ከአንድ ወር በኋላ ጌታቸውና ሌሎች አመራሮች ከፓርቲው ተባረሩ። መባረሩ የፓርቲ ነገር ነው። ጠቡ ግን ወደ ክልሉ አስተዳደር፣ ወደ ታጣቂውና ወደ ከተሞቹ ጽሕፈት ቤቶች ፈሰሰ፤ በ2017 መጋቢት ጌታቸው መቀሌን ለቀው ወጡ። ከጦርነት የተረፈ፣ ገና በመጠለያ ያለ ሕዝብ የሁለት መሪዎች ጠብ ደግሞ ወደ ጦርነት እንዳይወስደው ሲጨነቅ ከረመ። እዚህ አዳራሽ ውስጥ በዚያ ሰሞን ለእናቱ በየቀኑ ስልክ የሚደውል ሰው እንደነበረ አውቃለሁ።

ይህ ሁሉ ሲታይ «ይቅጣ ወይስ አይቅጣ» ከሚለው ይልቅ «ማን ይፍረድ» የሚለው ይበልጥ ያሳስበኛል። በ1993 የፈረዱት በዚያው ስብሰባ የተከራከሩት ናቸው። በ2016 አንደኛው ወገን ሌላኛውን ሕገ ወጥ አለ፤ ሁለቱንም የሚሰማ ዳኛ በፓርቲው ውስጥ አልነበረም። በአገራችን ወግ ሁለት ወንድማማቾች በመሬት ሲጣሉ ከሁለቱ አንዱ ሽማግሌ ሆኖ አይቀመጥም። ፓርቲ መተዳደሪያ ደንብ ሲጽፍ ጥፋቱን አስቀድሞ በስሙ ይጥራ፤ «ጠባብነት»፣ «ትምክህት»፣ «ጥገኝነት» እየተባለ በኋላ የሚለጠፍ ክስ ክስ አይደለም። ተከሳሹ ክሱን በጽሑፍ ይቀበል፣ በሚገባ ይመልስ፣ መልሱም ለአባላት ይነበብ። የሚፈርዱት በጠቡ ውስጥ ያልነበሩ አባላት ይሁኑ፤ ካልተገኙ ከፓርቲው ውጪ ይጠሩ። ይህን ያላደረገ ፓርቲ ያባረረው ሰው ጥፋተኛ ቢሆን እንኳ ነገ እንደ ሰማዕት ይነሣበታል።

እዚህ ያለነውን በሚመለከት አንድ ነገር ልጨምር። አብሮህ ለሚተኛው ሰው የሰጠኸው የፓርቲ ካርድ የለም። የሰጠኸው ወዳጅነት፣ የብድር ገንዘብ፣ በታመመ ቀን ሐኪም ቤት መውሰድ ነው። ይህን በፓርቲ ምክንያት የምትነጥቅበት ደንብ ማን ጻፈልህ? ከ2013 ወዲህ የተለያያችሁ እንዳላችሁ አውቃለሁ። የተናገራችሁትን መልሱ፣ አቋማችሁን ተዉ አልልም፤ አስከሬን የሚሸኝ ማኅበር ግን ስለ ፓርቲ አይጠይቅ።

ከመቀመጤ በፊት መለኪያዬን የሚያስቸግር አንድ ነገር ሳልደብቅ ላንሣ። ወንበሩን የሰጠው መራጩ ነው ያልኩት በየወረዳው በስሙ የተመረጠን ሰው አስቤ ነው። ብዙ ፓርቲዎቻችን ግን ለዓመታት ተመጣጣኝ ውክልና ይሁን ሲሉ ኖረዋል። በዚያ ሥርዓት መራጩ ፓርቲውን ይመርጣል፤ ስሙን ዝርዝር ውስጥ የሚያስገባው ፓርቲው ነው። ደቡብ አፍሪካ እንዲህ ያለ ሥርዓት ይዛ እ.ኤ.አ. በ2002 ተመራጮች ወንበራቸውን ይዘው ፓርቲ እንዲቀይሩ ፈቀደች፤ ትንንሾቹ ፓርቲዎች ሰዎቻቸውን እየተነጠቁ ስለተመናመኑ በ2009 ፈቃዱን አነሣች። የእኛም የምርጫ ሥርዓት ከተቀየረ፣ የሰጠው ይውሰድ በሚለው መለኪያዬ ወንበሩ ለፓርቲው ይመለሳል ማለት ነው። ያኔ የተመራጩ ኅሊና በምን ይጠበቃል? መልሱን ገና አላገኘሁትም። ስለዚህ መድረኩን ስለቅ በመጀመሪያ እንዲናገሩ የምጋብዘው ከእኔ ጋር ያልተስማሙትን ነው፤ ከሁሉ በፊት ደግሞ ከሃዲ ከአባልነት መሰረዝ በላይ ይገባዋል ብላችሁ የምታምኑትን።